ኖራ የቀባሁት የአያቴ አልጋ

ጥቅምት 14 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

የጣሊያኑ ሻለቃ ለጦር ሰፈሩ ደኅና ደኅና አልጋ ከየቤቱ እያስለቀመ ነው። አጎቴ ጋሼ ደምሴ የሟች አያቴን የጠፍር አልጋ ለማትረፍ ዘዴ ዘየዱ። «ኖራ ለቅልቂው፤ አስቀያሚ ሲሆን ማን ይነካዋል?» አሉኝ። ጋሼ ደምሴ ምክር ሲሰጡ ጦር የሚያዘምቱ ይመስላሉ።

እኔ ደግሞ ኖራው እንዳይረግፍ ብዬ በተልባ ውኃ ለወስኩት። ጥፋቴ ይኼ ነው። ሲደርቅ እንደ እንቁላል ቅርፊት ጸዳ ብሎ አማረ።

«ማን አሳምሪው አለሽ፣ አንቺ!» ብለው ሳይጨርሱ የሻለቃው አስተርጓሚ ገባ። አልጋውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ግሩም ነው! የማን እጅ ነው?» አለ።

ጋሼ ሙገሳ ሰምተው ዝም ማለት መች ያውቁበታል! ደረታቸውን ነፍተው «የእህቴ ልጅ ናት፤ ያስተማርኳት እኔው ነኝ» አሉ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ሰፈሩ ድረስ አምጣት። የሚቀባ አልጋ ሞልቷል።»

አልጋው በወታደሮች ትከሻ ሄደ። እናቴ እያለቀሰች «ታማለች ብለን እናስቀርሻለን» አለችኝ። ግን ጋሼ ደምሴ ቀድመውኛል፤ ከቀትር ጀምሮ ጋቢ ተከናንበው እያሳሉ ነው። ከአንድ ቤት ሁለት በሽተኛ ማን ያምናል? ነገ ብቻዬን ልሄድ ነው።