ትሪ የያዘው እጅ

ለውድ እህቴ ለእትዬ እታለማሁ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የእማዬ ስኳር አሁን እንዴት ሆነ? ልጅሽ አክሱማዊትስ ፈተናዋን ጨረሰች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባርናባስ አሁንም ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ ናኦሚ በቁመት በልጣኛለች፣ በምላስማ ከድሮም በልጣኝ ነበር።

ከፋሲካ ወዲህ ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም። ብርቅነሽ እማዬን እያስታመመች ከእናንተ ጋር እንድትቀር የሚለምን ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ አነብላታለሁ ብለሽኝ፣ እሱን ስጀምርና ስቀድ ነው የከረምኩት። ለምን እንዳቃተኝ ልንገርሽ።

ባለፈው ሰኞ እዚህ በዓል ስለነበር የዕድራችን ሰዎች አውቶቡስ ተከራይተን ሉዊዚያና ድንበር ድረስ ሄደን ነበር። ጠዋት ረግረግ ውስጥ በጀልባ፣ ከሰዓት የድሮ የጥጥ እርሻ ጉብኝት፣ ማታ ወደ ቤት። ተዋበች የምትባለው ጸሐፊያችን ለአንድ ቀን መንገድ የሳምንት ዳቦ ቆሎ ይዛ መጣች። ዛፎቹ ከውሃው መሃል ነው የበቀሉት፤ ከቅርንጫፎቻቸው ሽበት የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል። ከቤት ጀምሮ ሲፎክር የመጣው ባርናባስ፣ ነጂው አዞ ሲያሳየን የናኦሚን እጅ ጭምድድ አደረገ። «ዳዲ፣ ጀስት ሪላክስ አድርግ» ስትለው ጀልባው በሙሉ ሳቀ። እኔም እንደዚያ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ!

ከዚያ ወደ እርሻው ሄድን። ሰፊ በረንዳ ያለው ነጭ ቤት፣ ከጓሮው ደግሞ ባሪያዎቹ ይኖሩባቸው የነበሩ ሁለት የሳንቃ ጎጆዎች አሉ። አስጎብኚዋ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዝርዝር አሳየችን፤ ባለቤቱ ከበቅሎዎቹ ጋር አብሮ የመዘገባቸው ሰዎች ናቸው። ሜሪ፣ ዕድሜ ዘጠኝ። ሳራ። ጆን። መቼም የኛ ሰው የማን ልጅ ነው ሳይል አያልፍምና፣ እኔ ሞኟ እጄን አውጥቼ የአባታቸው ስም የት አለ ብዬ ጠየቅኋት። አልተጻፈም አለችኝ። ነጻ ከወጡ በኋላም ብዙዎቹ በጌቶቻቸው ቤተሰብ ስም ነው የተጠሩት አለች።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ናኦሚ፣ «ማሚ፣ ሳሎናችን ያለው ፒክቸር ላይ ያ እጅ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፎቶውን ታውቂዋለሽ፣ በሠርግሽ ማግስት ሁላችን ተደርድረን የተነሳነው ነው፤ ቀኝ ዳር ላይ ትሪ የያዘ እጅ ብቻ ይታያል። የብርቅነሽ ነው አልኳት። ላስት ኔሟስ አለችኝ። አሻግሬ አልኩ። «ዌይት፣ እሱ ያንቺ አባት አይደል? ሶ እህትሽ ናት? ታዲያ ለምን ፒክቸሩ ውስጥ የለችም?» እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባባ የቀበሌ መታወቂያ ሲያወጣላት በራሱ ስም ማስመዝገቡን ዕድሜ ልኬን እንደ ደግነት ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ደግም ነበር፣ አልክድም። እዚያ ካየሁት ጋር አንድ ነው አልልሽም፤ ማንም አልገረፋት፣ ማንም አልሸጣት። ግን አባቷ ከወገልጤና ይዟት የመጣ ቀን፣ እሷም ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ አንቺም እኔም በር ላይ ቆመን አይተነዋል። ጋቢውን ተከናንቦ ግባ እስኪባል ቆመ፤ ግባ ያለው የለም። እማዬ ዳቦ በእጁ ሰጠችው፣ ልጅቷን ሳማትና ሄደ። አንዳችንም ስምህ ማነው አላልነውም። ከማግስቱ ጀምሮ የእኔን ቦርሳ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሸከም ጀመር። እኩዮች ነበርን።

ለፋሲካ ያ ሰው በሕይወት አለ፣ ግን ታሟል የሚል ወሬ ደርሷት ልሂድ ስትላችሁ፣ በስልክ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። «ከኛ ሌላ ማን አለሽ?» አልኳት። አባቷ ታሞ! «እሺ፣ እትዬ» አለችኝ። እኩያዬ እትዬ ስትለኝ ምንም አልመሰለኝም። ልብሷን ከፌስታሉ አውጥታ መልሳ ሰቀለች ብለሽ ስትነግሪኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አፈርኩ፣ እህቴ።

ስለዚህ ያን ደብዳቤ አልጽፍም። ትሂድ። ለእማዬ ሰው እስኪገኝ አክሱማዊት ትርዳሽ። አሜሪካ ተቀምጦ ማዘዝ ምን ይቸግራል ትይኝ ይሆናል፤ እውነትሽን ነው። ብቻ ይህ እንደደረሰሽ አንድ ቀን እንዳታሳድሪያት። ለታመመ ሽማግሌ አንድ ወር ብዙ ነው፤ ምናልባትም አርፍደናል፣ ያረፈድንባትም በእኔ አፍ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አክሱማዊትን አይዞሽ በያት። ጎረቤታችን እማማ ሸዋረገድንም ሰላም በይልኝ። አሥር ዓመት ሙሉ በደብዳቤዬ መጨረሻ የቤቱን ሰው በየስሙ ስጠራ፣ ድመቷን እንኳ ሳልዘል፣ ብርቅነሽን ጠርቻት አላውቅም። አሁን የምጽፈውን ለብቻዋ አንብቢላት። ከስሟ ቀጥሎ የተውኩትን ክፍት ቦታ እሷን ጠይቀሽ አንቺው ሙይው፤ እሷ መቼም አልረሳችውም።

ለብርቅነሽ ................... ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይቅር በይኝ።

እህትሽ ዓለምጌጥ አሻግሬ
ሮውሌት፣ ቴክሳስ
ግንቦት 22 ቀን 2000 ዓ.ም.