ከሬጉለስ ጎን ያለችው ብዥታ

ቦንጋ፣ የካቲት 14

ትናንት ካነሳኋቸው ፎቶዎች በአንዱ ላይ፣ ሬጉለስ ከሚባለው ደማቅ ኮከብ አጠገብ ስስ ብዥታ አገኘሁ። ስፈልጋት የከረምኩት ድንክ ጋላክሲ ትሆናለች! ወይም የኮከቡ ነጸብራቅ። ለማረጋገጥ ዛሬ ካሜራውን አዙሬ መድገም ነበረብኝ፤ ነጸብራቅ ከሆነ ቦታውን ይቀይራል። የጎረቤቴ የእትዬ አልማዝ የበረንዳ አምፖል ግን ሰማዩን አደበዘዘብኝ። ያጥፉልኝ ለማለት አፍሬ ስንቆራጠጥ የከተማው መብራት ድርግም አለ። ሳላስበው ጮህኩ።

«ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ እልል የሚል ሰው ዛሬ አየሁ!» አሉ እትዬ አልማዝ ከአጥሩ ማዶ።

«ጋላክሲ ላገኝ ነው!»

«እንግዲያው ሳይመጣ ቶሎ ያግኙታ!»

አነሳሁ። ብዥታዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እሷው ናት! ደግሜ አነሳሁ።

አሁን መብራት መጥቷል። የእትዬ አልማዝ በረንዳ ግን እንደጨለመ ነው።