በስሜ የከፈትኩልህ አካውንት

ውድ ወንድሜ፣

አድራሻህን ስለማላውቅ ይህን የምጽፍልህ የዕለት ውሎዬን በምመዘግብበት ደብተር ላይ ነው። ዛሬ ሰኞ ከቀትር በኋላ በሩን የዘጋብህ ማን እንደሆነ ከእኔ ከራሴ አፍ እንድትሰማ ብዬ ነው።

ከጅምሩ ልነሳ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከውርርድ ራስህን ለማሳገድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አብረን የሄድን ዕለት ትዝ ይልሃል? ሕጉ ባለጉዳዩ ራሱ በገዛ እጁ ካልፈረመ እናትም ሚስትም ወንድምም ሊያሳግደው አይችልም ይላል። ጸሐፊዋ "አስገድዶህ የመጣ ሰው አለ?" ስትልህ ወደ እኔ ዞረህ "ይሄ? ይሄ ሰውዬ እንኳን አያስገድድም፤ አፍዝዞ ነው የሚሸጥልሽ" ብለህ አሳቅካት። ለአምስት ዓመት ፈረምክ። ፈቃድ ያለው አወራራጅ ሁሉ በመታወቂያ ቁጥርህ ዘጋብህ። ያን ሰሞን ጨርቅ ሱቃችን የገባ ደንበኛ ሁሉ "ሜትሩ የታለ?" እያለ አንተን ነበር የሚፈልገው፤ በክንድህ ለክተህ የቆረጥከው ጨርቅ በብረት ሜትር ሲለካ አንድ ጣት አይጎድልም ነበር።

ስምንት ወር ጸናህ። ከዚያ አንድ ጠዋት የመጋረጃ ጨርቅ እየጠቀለልን ሳለ፣ ፈቃድ የሌለው፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ መጫወት እንደጀመርክ ነገርከኝ። "ወንድም ጋሼ፣ ስልኬን ውሰድብኝ" አልከኝ።

ስልኩን መውሰድ ነበረብኝ። እኔ ግን ነጋዴ ነኝና አሰላሁ። የከለከሉት ዕቃ በጓሮ እንደሚገባ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሕጉን አንብቤው ነበር። ፈቃድ ያላቸው ዘንድ የሳምንት የገንዘብ ጣሪያ አለ፤ ጣሪያው ሲሞላ አያስጫውቱም፤ ለአካውንቱ ባለቤትም መልእክት ይልካሉ። "በእኔ ስም እንክፈተው። ጣሪያውን ዝቅ አድርጌ እይዝልሃለሁ፤ ቀስ በቀስ ትተወዋለህ" አልኩህ።

"ተው ወንድም ጋሼ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።"

"እኔ ደግሞ ገበያን አውቀዋለሁ።"

መታወቂያዬን ራሴ ፎቶ አነሳሁት። ክር መዝዤ፣ በክብሪት ለኩሼ፣ ጭሱን ሳላሸት ጥቅል ጨርቅ የማልገዛው ሰው ያን ቀን ምንም አላሸተትኩም። አንተ በገዛ እጅህ ያጠርከውን አጥር የነቀልኩት እኔ ነኝ። አልለመንከኝም። እማዬ እስከ ዛሬ አካውንቱን እንድከፍት ያታለልከኝ ይመስላታል፤ እኔም እንዲመስላት ትቻታለሁ።

የሆነውን ታውቀዋለህ። የእኔ ጣሪያ በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ይሞላል፤ የቀረውን ስድስት ቀን በጓሮው ትገባለህ። አንዱን በር ልዘጋ ብዬ ሁለት አደረግኩልህ። የት እንደምትሄድ ሳትናገር ከቤት ከወጣህ ሦስት ወር ሊሞላህ ነው። ስልክህ አይሠራም። ካንተ የሚደርሰኝ ሰኞ ሰኞ ረፋዱ ላይ የሚመጣው ብቻ ነው፦ "ክቡር ደንበኛችን፣ የሳምንት ጣሪያዎ ላይ ደርሰዋል።" በዚህ ነው በሕይወት መኖርህን የማውቀው።

እማዬ ሰኞን ለምዳዋለች።

"ጻፈ?"

"ጽፏል።"

"ምን ይላል?"

"ደህና ነኝ ይላል።"

"በልቻለሁ አይልም?"

"እማዬ፣ አጭር ነው የሚጽፈው።"

"ድሮም ችኩል ነው" ትልና ቀኗን ትጀምራለች።

አሁን አዲስ መመሪያ ወጣ። የአካውንት ባለቤት ሁሉ በአካል ቀርቦ ፊቱን ካላስመዘገበ በወሩ መጨረሻ ይዘጋበታል። በሰው ስም የሚጫወቱትን ለመያዝ ነው። መልካም መመሪያ ነው፤ ቀደም ብሎ ቢወጣ ኖሮ ከእኔ ብልጠት ያድንህ ነበር። ፊቴን ካሳየሁ ቁማርህ ይቀጥላል፤ ካላሳየሁ ድምፅህ ይጠፋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱን ከሌላው ሳመዛዝን ከረምኩ። ዛሬ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

ያችው ጸሐፊ ናት። አወቀችኝ።

"ያ ቀልደኛው ወንድምዎ እንዴት ናቸው?" ብላ ኮምፒውተሯን አየች። "ጎበዝ! ከታገዱ ወዲህ አንድም ቀን አልተጫወቱም። እንደሳቸው የሚጸና እኮ ጥቂት ነው።"

መታወቂያዬን አቀበልኳት። የእኔን መዝገብ ስታወጣ ፊቷ ተለወጠ። "ጌታዬ፣ እርስዎ ግን በየሳምንቱ ጣሪያ ይነካሉ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከታናሽዎ ቢማሩ ምናለበት?"

"እውነትዎን ነው" አልኳት።

"ወደ ካሜራው ጠጋ ይበሉ።"

ጠጋ አልኩ። አንድ ጊዜ ቀና ብል የሚቀጥለው ሰኞም ትኖርልኛለህ። እስከ ዛሬ ወሬህን የገዛሁት በጥፋትህ ነበር፤ እንዲህ ያለ ግዢ በሕይወቴ ገዝቼ አላውቅም። አንገቴን ደፋሁ።

"ይዝጉት።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አይደለሁም። ይዝጉት።"

ከሕንፃው ስወጣ ስልኬ ጮኸ፦ አካውንትዎ በጥያቄዎ ተዘግቷል። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ደግሞ ጮኸ፦ ወደ ተዘጋው አካውንትዎ የመግባት ሙከራ ተደርጓል። አሁንም ጮኸ። ደገመ። ደገመ። አራት ጊዜ። የሆነ ቦታ ተቀምጠህ፣ የጠዋቱን ውርርድ ውጤት ልታይ ስትል፣ የሚስጥር ቁጥሩን የተሳሳትክ መስሎህ፣ ቀስ ብለህ አንድ በአንድ ስትነካው ታየኝ። አምስተኛውን ጠበቅኩ። ሰዉ በጎኔ እየወረደ ሄደ፤ በሩ ተቆለፈ፤ ዘበኛው "አባት፣ ተነሱ እንጂ" አለኝ። አምስተኛው አልመጣም።

ቤት ስገባ እማዬ ከወንበሯ ሳትነሳ "ጻፈ?" አለችኝ።

"አራት ጊዜ" አልኳት።

"አራት! ውይ ልጄን፣ ናፍቆታል ማለት ነው" አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት። ከዚህ በኋላ ሰኞ ሲመጣ የምነግራት የለኝም፤ ይህንንም አልነገርኳት።

ወንድሜ፣ ቁጥሬ ያው ነው። ተናደህ ደውል። ስደበኝ፣ እርገመኝ፤ እስክትጨርስ አላቋርጥህም። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ "ደህና ነኝ ይላል" እላታለሁ፤ በዚያች ሰኞ እንኳ አልዋሽም።

አካውንቱ በስሙ የነበረው ታላቅህ