ስለ ኤልሳቤጥ የእንቅልፍ ከረሜላ

ይድረስ ለእህቴ ለባንችይርጋ፣ ቤሩት።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወለውዪ ያመመሽ ወገብሽስ ለቀቀሽ ወይ? እመቤትሽ ዛሬም ትቆጣለች ወይስ በረደላት? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ገብሱን አጭደናል፣ ስንዴው ገና ማሳ ላይ ነው፤ ውርጩም ዘንድሮ ራርቶልናል። የጎደለን አንቺን ማየት ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልኩ ሲጮህ ልጅሽ ኤልሳቤጥ ከእኔ ቀድማ ነው የምትደርሰው፤ ስለ እሷ ላወራሽ ስል ደግሞ ከአጠገቤ ንቅንቅ አትልም። የኮን ከተማዋ ጀውሀራ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ቤሩት ልትመለስ ስለሆነ በእሷ እጅ ይድረስሽ ብዬ ነው።

ነገሩ የእንቅልፉ ነው። ኤልሳቤጥ ሌሊት አልተኛ አለች ብዬ የነገርኩሽ ጊዜ በዚችው በጀውሀራ የላክሽው ጠርሙስ ደርሶናል። ድብ የሚመስሉ ቀያይ ከረሜላዎች ናቸው። መድኃኒት ነው ስል ከረሜላ ይሉኛል፣ ከረሜላ ነው ስል ያስተኛል ይሉኛል። በድምፅ መልእክትሽ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ አንድ ስጧት ብለሽ አልነበር? እኛም ቃልሽን አክብረን፣ ምሳዋን በልታ ስምንት ሰዓት ሲሆን እንሰጣት ጀመር። ልጅቱ በጠራራ ፀሐይ ድርግም ብላ ትተኛና ጀንበር ስትጠልቅ ትነሳለች፤ ከዚያ በኋላ ዓይኗ ፍጥጥ ነው። አልሠራም ብዬ ስነግርሽ ሁለት አድርጉላት አልሽኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ ላደርገው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የከለከለችኝ ባለቤቴ ወለተ ሩፋኤል ናት። እሷ የፈራችው ግን ሌላ ነው። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ እንዲህ ያለ ከረሜላ ከከብት አጥንት፣ አንዳንዱም ከአሳማ ቆዳ በሚወጣ ነገር ይረጋል ሲባል ሰምታ፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ይዛ ከጓዳ አወጣችው። የንስሐ አባታችንን አባ ተክለ ሚካኤልን ብጠይቃቸው፣ ሰባት ዓመት ላልሞላት ልጅ የምን ጾም ነው፣ መድኃኒት ከሆነ ሐኪም ይዘዘው፣ ከረሜላ ከሆነ ደግሞ ከረሜላ ማንን አስተኝቶ ያውቃል አሉኝ። መልስ ፈልጌ ሄጄ ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ስሄድ ጠርሙሱን ይዤ፣ የትኛው ይሻላል ብለሽ በስልክ የላክሻቸውን የሌሎቹን ጠርሙሶች ፎቶም ይዤ መድኃኒት ቤት ገባሁ። የፋርማሲው ሰው ምስጋኑ ይባላል። በስንት ሰዓት ነው የምትሰጧት ሲለኝ በስምንት ብዬ መለስኩለት። አፉን ይዞ ሳቀ። የፈረንጅ ስምንት ሰዓት ለእኛ ማታ ሁለት ሰዓት ነው አለኝ። አየሽ፣ አንቺ ሰዓቱን እንደ እነሱ መቁጠር ለምደሻል፤ እኛ ደግሞ ልጅቷን ቀን አስተኝተን ሌሊት ስንጠብቅ ከረምን። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሳቁን ሲጨርስ ከፎቶዎቹ አንዱንም አልመርጥልህም አለኝ። ውስጡ ያለው ሜላቶኒን የሚሉት፣ ሰውነታችን ራሱ ሲመሽ የሚያወጣው ነገር ነው፤ ስለጣፈጠ ጨዋታ አይደለም አለ። ላዩ ላይ የተጻፈው መጠንና ውስጡ ያለው የማይገናኝበት ጊዜ አለ፤ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደመረመረው ሳይታወቅ፣ ሐኪምም ሳያያት ለሕፃን አይሰጥም። ተፈጥሯዊ የሚለው ጽሑፍም አያታልላችሁ፣ ልጅ ካገኘችው እንደ ከረሜላ ጠርሙሱን ሙሉ ትጨርሰዋለች አለኝ። መጀመሪያ ለምን እንደማትተኛ እወቁ ብሎ አሰናበተኝ።

ይህን ሁሉ ሰው ስንጠይቅ ልጅቷን ራሷን አልጠየቅናትም ነበር። ወለተ ሩፋኤል ፀጉሯን እየሠራች ቀስ ብላ ጠየቀቻት። በመስቀል ሰሞን የደወልሽ ጊዜ ኤልሳቤጥ ተኝታ ነበር፤ አንቺም አሳዝናሽ አትቀስቅሷት፣ ትተኛ አልሽን። ጠዋት እናትሽ ደውላ ነበር አልናት። ለካ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳት፣ ደግመሽ ስትደውዪ እንዳታመልጫት ነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ስልክ የሚፈቀድልሽ እመቤትሽ ከተኛች በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። ብንቀሰቅሳት እንቅልፏ ይቋረጣል፤ ባንቀሰቅሳት ጭራሽ አትተኛም። ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ፣ ግን ገብቼ ምን አመማት እንደምል ጨንቆኛል። ጠርሙሱን እጇ ከማይደርስበት ሰቅዬዋለሁ፤ ሌላ እንዳትልኪ። በገዛ ቤቴ ግራ ገብቶኛል፣ አንቺ እናቷ ነሽና የሚበጀውን ንገሪኝ።

ወለተ ሩፋኤል ናፍቀሽኛል ትልሻለች፤ ለሰው ወለል ብለሽ ወገብሽን አትጨርሺ ብላለች። ልጄ ኪዳን አክስቴን ሳሙልኝ ብሏል። አባ ተክለ ሚካኤል በጸሎታቸው አይረሱሽም፤ ቡራኬያቸው ይድረስሽ። ኤልሳቤጥን ደግሞ፣ ለእናትሽ ምን ልበልልሽ ብላት፣ ከዛሬ ጀምሮ እተኛለሁ፣ ስትደውል ግን እናቴ ራሷ ቀስቅሷት ትበላችሁ አለችኝ።

ወንድምሽ ደሳለ
ብልባላ፣ ላስታ
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.