ከደጅ ስለተመለሰው ፈሲኽ

ለተከበሩ ኢንጂነር ሪፍዓት አል-በንዳሪ
የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ታንታ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ሕንፃውን በሙሉ ለሚጠብቅልን አፍንጫዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ የአምስተኛ ፎቋ ኢንሳፍ፣ የናህላ እናት ነኝ። ደህና ነኝ እንዳልል እርስዎ አሉ። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው፦

1. «ፈሲኽ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ አሳንሰሩ ላይ ስለለጠፉልን ከልብ እናመሰግናለን። ዓሣ በጨው አሰንብቶ ከነሽታው መብላት ነውር መሆኑን ባይነግሩን ኖሮ፣ የፀደይ በዓላችንን እንደ አባቶቻችን ዓሣችንን በልተን፣ ሽንኩርታችንን ገምጠን፣ ምንም ሳናፍር እናሳልፈው ነበር።

2. ሐሙስ ዕለት የናህላ እጮኛ ዋጊህ፣ እንደ ደንቡ የበዓሏን ፈሲኽ በካርቶን ይዞ ሲመጣ፣ ጥበቃው አጎት ባዩሚ በትእዛዝዎ ከደጅ አቆሙት። «ምን ላርግ ልጄ፣ ኢንጂነሩ ይቆጡኛል» ሲሉት ልጁ ዓይን አፋር ነውና ካርቶኑን እዚያው ትቶ ሄደ። እናቱ ሐጃ ካውሰር ግን ዓይን አፋር አይደሉም። ደውለው «የልጄን ስጦታ የመለሰ ልጄን መልሷል! ካልፈለጋችሁን እሺ፣ ቀለበታችንን ላኩልን» አሉኝ። ናህላ እስካሁን እህል አልቀመሰችም፤ እኔም፣ አልዋሽዎትም፣ አንጀቴ አሯል።

3. ስለ ሽታ ካነሱ፣ ደረጃውን ሙሉ የሚከተለን የሲጋራዎ ጢስ ላይ ማንም ማስታወቂያ አልለጠፈም።

ደግነቱ ሐጃ ካውሰር ቂመኛ አይደሉም። «ነገሩ ከኮሚቴው እንጂ ከእኛ አይደለም» ብዬ ስምል ስገዘት በረድ አሉና፣ «እንግዲያው ያስመለሰው ሰውዬ ራሱ ተሸክሞ ያስገባው፤ እኔም መጥቼ በዓይኔ ልየው!» አሉ። ስለዚህ ሰኞ፣ በበዓሉ ጠዋት፣ ካርቶኑን ታቅፈው እስከ ቤታችን እንዲያደርሱልን በትሕትና እጠይቃለሁ። በደረጃ ቢሆን ይመረጣል፤ አሳንሰሩ ላይ ማስታወቂያ አለ። እምቢ ማለትም መብትዎ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ለናህላ ባል የሚፈልጉላት እርስዎ ነዎት።

በአፍንጫዎ ፈቃድ የምትኖር፣ ውለታዎን እስክትሞት የማትረሳ ጎረቤትዎ፣
ኢንሳፍ አብደልጠዋብ

ማስታወሻ፦ ካርቶኑን ፍለጋ አይድከሙ። እርስዎ ራስዎ አጎት ባዩሚን «ባለቤቱ እስኪመጣ ቆልፈህ አስቀምጥ» ብለዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ዘንድ ያለው ቁልፍ ደግሞ ለእጥበት የሰጧቸው የአዲሷ መኪናዎ ቁልፍ ብቻ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ መኪናዋም የቆመችው ፀሐይ ላይ ነው።