ሞልቶ የማያውቀው ጉድጓድ

ለውድ ወንድሜ ለዮናዳብ ሙሉሰው
ባለህበት ሐዋሳ

የጌታ ሰላምና ጥበቃ ካንተ አይራቅ እያልኩ፣ እንዴት ከርመሃል ዮናዬ? ጤናህስ? ያ የሚመላለስብህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ብረት እየተሸከምክ ታባብሰዋለህ? ሥራውስ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? እማዬ ይህን ሦስት ጊዜ ጠይቂልኝ ስላለችኝ ሦስት ጊዜ እንደጠየቅሁህ ቁጠረው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። አባዬን ብርዱ ጉልበቱን ይዞታል እንጂ ይወጣል ይገባል። እማዬ እንደምታውቃት ናት። ደህና ነን ብዬ ብዘጋው ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስልኩ አሁን የሚያገለግለን ለመብራት ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን የምታደርስልህ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ የምትመለሰው የሰፈራችን ልጅ ፀደይ ናት። እባክህ አጋምሰህ አታስቀምጠው፤ መጨረሻው ላይ የምጠይቅህ ነገር አለ፤ የእማዬ ጤናም በመልስህ ላይ ነው።

አባዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሽንት ቤታችንን እንደ ልጅ ሲያሞግስ ታስታውሳለህ? በደቦ እንዴት እንደተቆፈረ፣ ስንት ሰው ገመድ እንደያዘ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «በሃያ ዓመት አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም» እያለ። ባለፈው በጋ አንተ በስልክ፣ «አባዬ፣ የማይሞላ ጉድጓድ የለም፤ የት እንደሚሄድ ነው ያላወቃችሁት» ስትለው ተቀይሞህ ስልኩን እኔ እጅ ላይ ጥሎ ወጣ። የት እንደሚሄድ ክረምቱ ሲገባ ታወቀ። ከኛ ቁልቁል ያለው የጎረቤታችን የእማማ ሸጋ የውኃ ጉድጓድ ሸተተ። የልጃቸው የአየነው ሕፃን በተቅማጥ ተይዛ ጤና ጣቢያ ገባች፤ እግዚአብሔር አተረፋት። የጤና ባለሙያዋ ውኃውን አስመርምራ ጠብታ እንዳይቀመስ ከለከለች።

ይህን ሁሉ ኔትወርክ ሳይጠፋ ነግሬሃለሁ። ያላየኸው ግን የእማማ ሸጋን ፊት ነው። እኒያ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር በራሳቸው ባልዲ እየቀዱ ያጠጡን፣ አንተን «የእኔ ልጅ» እያሉ ያሳደጉህ ሴትዮ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙን ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ያልፉ ነበር። እማዬ «እንደምን አደሩ» ስትል መልስ የለም። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር። አየነው ደግሞ ልጁ ስለታመመችበት አጥሩ ጋ እየቆመ፣ «ከጉድጓዳችሁ አንድ ነገር ዳግም ወደ ግቢያችን ከገባ በሕግ አልጠይቃችሁም፣ በእጄ ነው» እያለ ይዝት ነበር። አልፈርድበትም። የእኔ ልጅ ብትሆን እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የላክህልን የሽንት ቤት ማጣሪያ ታንከር በአይሱዙ የደረሰ ዕለት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሮቶ ቆጥ ላይ ይሰቀላል እንጂ ይቀበራል ወይ ተባለ። እኔም አንተ እንዳስረዳኸኝ አስረዳሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል ዝቃጩን ያስቀራል፣ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ እንደ ጠርሙስ ክዳን ያሉ ፕላስቲኮች ላይ የሚኖሩ ጀርሞች ቆሻሻውን ይበሉታል፣ ትንሿ ማሽን አየር ትነፋላቸዋለች፣ የሚወጣው ውኃ ጎመን ያጠጣል። እማዬ ሰምታ ሰምታ፣ «የሰው ልጅ እናቱን ይጦራል፤ የእኔው ጀርም ይቀልባል» ብላ አሳቀቻቸው። ማሽኗን በፀሐይ እንድትሠራ ማድረግህ ግን የእንጅባራን ክረምት ብትረሳው ነው። የፀሐይ ሰሌዳው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ እንደኛው ደመና ያያል።

ግንበኛው ይሄነው ጉድጓዱን ከአሮጌው ሽንት ቤት አጠገብ ቆፍሮ፣ ሐሙስ ዕለት ታንከሩን አወረደልን። አፈሩንም እስከ ወገቡ መለሰበት። አንተ በስልክ አጥብቀህ ያልኸኝ ነገር ነበር፤ በወረደበት ቀን ንጹሕ ውኃ ሙሉት፣ ባዶውን እንዳታሳድሩት፣ የኛ መሬት ክረምት ላይ ውኃ ነው ብለኸኛል። እኔም ተናገርኩ። እማዬ ግን በርሜሎቹ ፊት ቆመች። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት፣ እማማ ሸጋ በእኛ ምክንያት ቁልቁለት ወርደው ጀሪካን ተሸክመው በሚጠጡበት ሰሞን፣ ንጹሕ ውኃ ሽንት ቤት ውስጥ አልደፋም አለች። ግፍ ነው፣ እግዚአብሔርም አይወደውም አለች። ምን ይባላል?  ይሄነውም ቧንቧ እስኪመጣ አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል አለ። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እማዬ ትክክል መሰለችኝ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ የጀመረው ዝናብ ሳያባራ አደረ። ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ ባዶው ታንከር ከሥሩ ውኃ ገብቶ አንሳፎት እንደተጠራ ሰው ብድግ ብሏል! በአንድ ጎኑ ተንጋዶ፣ ቱቦውን ገንጥሎ፣ ዙሪያው ሐይቅ ሆኖ። ጮህኩ። ይሄነው ሲሮጥ መጥቶ ታንከሩን አላየውም፤ ዓይኑ የሄደው በእሱና በአሮጌው ሽንት ቤት መካከል ወዳለው አፈር ነው። ተሰንጥቋል። እየተናደ ነው። የአሮጌውን ክዳን ሲያነሱትማ አባዬ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። በሃያ ዓመት ሞልቶ የማያውቀው ጉድጓድ በዚያ ጠዋት እስከ አፉ ሞልቷል።

ይገባሃል ዮናዬ? ታንከሩ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር አፈሩን ይዞት ይነሣል። አፈሩ ከተናደ ያ ሁሉ ጉድ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ቁልቁል ያለው ደግሞ የእማማ ሸጋ ደጃፍ ነው። ያቺ ሕፃን የምትድህበት ደጃፍ።

ቀርከሃ ቆርጠው በላዩ አጋደሙበት፣ ድንጋይ ጫኑበት፣ አባዬ ከነካፖርቱ ወጥቶ ቆመበት። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ታንከሩ አባዬንም ተሸክሞ መነሣቱን አልተወም። ይሄነው ከላይ በሚጫን አይሆንም፣ ከውስጥ ነው የሚከብደው አለ። ዙሪያውን ያቆረው ውኃ ድፍን ጭቃ ነው፤ ጭቃ ከገባበት ማጣሪያው ይደፈናል ብለኸናል። ቧንቧው እህም አይልም። ያን ጊዜ እማዬ ራሷ የመጀመሪያውን በርሜል ጎትታ ገለበጠችው፣ ሁለተኛውንም። የታንከሩን ወለል አረጠበው፣ ያ ብቻ። በዘንገና ሐይቅ በኩል ሰማዩ እንደገና ይጠቁር ጀመር። ከቀትር በኋላ መምጣቱን ማንም አልተጠራጠረም።

እማዬ በቤት ጫማዋ፣ ራሷን እንኳ ሳትሸፍን ወደ እማማ ሸጋ በር ወረደች። ተከተልኳት።  በሩን የከፈተው አየነው ነው፤ ክንዱን መቃኑ ላይ ዘርግቶ ቆመ። እማዬ በክንዱ ላይ አሻግራ ለእናቱ ተናገረች። ለመታረቅ አልመጣሁም፣ ለዚያ ፊት የለኝም፣ ውኃዎን ልለምን ነው፣ ካልሰጡኝ የኔ ጉድ እርስዎ ቤት ይገባል አለች። እማዬ ስትለምን አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። አለቀስኩ፣ አልደብቅህም።

 እማማ ሸጋ ለልጃቸው በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ፈጥነው ስለነበር ሁሉም አልገባኝም፤ የልጅቷ ስም ግን ነበረበት። የአየነው ፊት ጠቆረ፤ ክንዱ ግን ወረደ። ለእኛ በአማርኛ እንዲህ አሉን፦ «ያቆሸሻችሁት እናንተ ናችሁ። የናንተው ነው፤ ውሰዱት።»

ዮናዬ፣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ይህን ብለው ግን ቁጭ አላሉም። ባልዲውን ራሳቸው ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቁት፣ የመጀመሪያውንም ራሳቸው ሳቡት። ጠጪ ያጣ ጉድጓድ በክረምት ሙሉ ነበር። በበር ዞሮ መመላለሱ ሲዘገይ አየነው መጥረቢያ አመጣና በሁለታችን ግቢ መካከል ያለውን የቀርከሃ አጥር ገንድሶ ጣለው። ጎረቤት ሁሉ ተሰለፈ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም፣ የእነሱ የማኅበር ሰዎችም፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ። ትከሻዬ እስካሁን ያመኛል። ታንከሩ መጀመሪያ አልተበገረም፤ ቆይቶ አንድ ጊዜ ተንቋቋና ቀስ እያለ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ይሄነው የተሰነጠቀውን አፈር በእንጨትና በድንጋይ ደገፈው። ገና ባልዲዎቹን ሳንሰበስብ ዝናቡ ወረደ፤ አፈሩ ግን ቻለ። እማማ ሸጋ ደጅ ምንም አልገባም።

ሰኞ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና አምጥተን አሮጌውን አስመጠጥነው፤ ይሄነው ኖራ ነስንሶ በአፈርና በድንጋይ ደፈነው። ቱቦውም ተጠገነ። ማሽኗ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር ትንፍስ ትንፍስ ትላለች፤ እማዬም ሰው ሳያይ ክዳኑ ላይ ጆሮዋን ስትጥል ይዣታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የእማማ ሸጋ ጉድጓድ ያን ቀን እስከ ወለሉ ተቀድቶ ነበር፤ ቶሎ መልሶ ሞላ። ሽታው የለም። ጠርቷል። እማዬ ይህን አይታ በሰው ሁሉ ፊት ምን ብትል ጥሩ ነው? ለመስቀል የመጀመሪያውን ብርጭቆ የምጠጣው እኔ ነኝ፣ እኔ ምንም ካልሆንኩ እርስዎ ይጠጣሉ አለቻቸው። እማማ ሸጋም፣ «እንግዲያው እናያለን» አሉ። የጤና ባለሙያዋ እንደገና ሳይመረመር እንዳይነካ ብላለች፤ ለምርመራ የምትመጣው ግን ከመስቀል በኋላ ነው። እማዬን ታውቃታለህ፤ ከአፏ የወጣ አይመለስም። እሺ ቢያንስ አፍልተሽ ጠጪው ብላት፣ «አፍልቼ ከጠጣሁት ምኑን ጠጣሁት?» አለችኝ።

መስቀል አንድ ወር ነው የቀረው። አንተ ይህን ሥራ ታውቀዋለህና እውነቱን ጻፍልኝ። ሃያ ዓመት የጠጣ መሬት በአንድ ወር ይጠራል ወይ? ክሎሪን ቢጨመርበት ይበቃል? የሚያጽናና ቃል አትላክልኝ፤ እሱን ጸሎት ቤት አገኘዋለሁ። አይሆንም ካልክ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፍላት፣ በራስህ እጅ፣ «አትጠጪ» በላት። የእኔን አትሰማም፤ ጀርም የሚቀልበውን ልጇን ግን ሳትሰማ አትቀርም። እማዬን ማጣት አልችልም፤ ግን ቃልሽን አጥፊ ስትባል በእማማ ሸጋ ፊት የምትሆነውን ማየትም አልችልም። እንዲህ ሆኜ ነው የምጽፍልህ።

አባዬ ብዙ ሰላምታ ያቀርብልሃል። ስለ አሮጌው ጉድጓድ አፉን አይከፍትም፤ እንግዳ ሲመጣ አሁን የሚያሳየው ያንተን ታንከር ክዳን ነው፤ «የቆምኩበት እኔ ነኝ» እያለ። እማዬ ሁለቱን ጉንጮችህን ትስምሃለች፤ ብላ ትልሃለች። ይሄነው «አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ» በማለቱ አፍሯል፤ ሰላም በይልኝ ብሎኛል። አየነውም ሰላም ብሎሃል፣ ልጁም አሁን ደህና ናት፣ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። የገነደሰውን አጥር እስካሁን ማንም አልሠራውም።

እማማ ሸጋን ዛሬ ጠዋት በዚያው ክፍተት አሻግሬ፣ ለዮናዳብ ልጽፍ ነው፣ ሰላም ልበልልዎ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ባልዲያቸውን ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ውስጡን እያዩ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ለዚያ ልጅ ሰላምታ የምልክለት ከዚህ ውኃ በጠጣሁ ቀን ነው፤ እስከዚያ የለኝም በይው» አሉኝ።

እህትህ ርሆቦት
እንጅባራ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.