እናቴ ሳትቀበር ከዋይፋዩ መዝገብ ለተሰረዘችበት ቅልጥፍና

ለተከበሩ አቶ አሉላ መዝገቡ
የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር እና የዋይፋዩ ብቸኛ አስተዳዳሪ
ካዛንቺስ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የፕሪንተሬ ሰማያዊ መብራት ብርቱካናማ ሆና ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ስለዚህች ደቂቃ ምስጋናዬን ከማቅረቤ በፊት ግን ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለስድስት ልጆችዎ ሙሉ ጤና፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ራውተርም የማይቋረጥ መብራት ከልብ እመኛለሁ። እኔ እንደሚያውቁት አንድ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ቤተሰቤ ጤና የምነግርዎት ብዙ የለም።

ይህን ደብዳቤ በቴሌግራም ግሩፓችንና በደረጃው ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ የማወጣው እርስዎን ለማሳፈር አስቤ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ውለታ በሹክሹክታ መመለስ ስለሌለበት ነው። በቅርብ ለገቡ ጎረቤቶች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሕንፃችን አንድ የዋይፋይ መስመር ይጋራል። ደንቡ ለአንድ ነፍስ አንድ መሣሪያ ይላል፤ እያንዳንዱ መሣሪያም በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ በሊቀመንበሩ ፈቃድ ይገባል። ስምንት ነፍስ ያለው የእርስዎ ቤት ስምንት መሣሪያ ያገናኛል። እኔና እናቴ ወ/ሮ መብርሂት ሁለት ነበርን። አንዱ ድርሻ የትርጉም ሥራዬን የምሠራበት ላፕቶፕ ነው። እናቴ ከቁልፍ ስልኳ ሌላ ምንም ስለሌላት የራሷን ድርሻ ለፕሪንተሩ ሰጠችው። በመዝገብዎ ላይ ፕሪንተሩ «ወ/ሮ መብርሂት» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ፕሪንተሩ ወረቀት ሊያወጣ ሲንቋቋ «ይኸው፣ ጠሩኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

እናቴ ቅዳሜ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ቀብሯ እሑድ ስድስት ሰዓት ሆነ። ንጋት ላይ ተቀምጬ የሕይወት ታሪኳን ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በቀብሯ ላይ ሊነበብ። «አትም» የሚለውን ስጫን ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር።

ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰጡኝ የቴክኒክ ሥልጠና አመሰግናለሁ። ፕሪንተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ከሶኬት ነቅዬ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ መለስኩት። የዋይፋይ ቁልፉን መብራቷ ብልጭ እስክትል ተጭኜ ያዝኩ። የይለፍ ቃሉን አራት ጊዜ አስገባሁ፤ በአራተኛው እንዳልሳሳት ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ እጠራ ነበር፤ አጠገቤ የነበሩት ለቀስተኞች ሙሾ የማወርድ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። ፕሪንተሩን ያገለገለ ስንገዛው ገመድ ስላልነበረው በገመድ ላገናኘው አልቻልኩም። የስልኬን ኢንተርኔት ላጋራው ሞከርኩ፤ ነገር ግን ሰው በደወለ ቁጥር ይቋረጣል፣ በዚያ ጠዋት ደግሞ «እግዜር ያጥናሽ» የሚለኝ አላጣሁም፤ አብዛኛው በስልክ ነው እንጂ። በመጨረሻ ፕሪንተሩ ራሱን እንዲመረምር አዘዝኩት። ያለ ዋይፋይ የሚያትመው ይህንኑ ብቻ ነውና ጥርት ያለ አንድ ገጽ አውጥቶ ሰጠኝ። ቀለሙ ደህና ነው። ወረቀቱ ደህና ነው። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ራውተሩ ግን ይህን መሣሪያ አይቀበልም።

ያኔ ነው ለእርስዎ የደወልኩት። «እጸገነት፣ ዛሬ እንኳን ኮምፒውተሩን ተዪው እንጂ! ሰው ምን ይላል? በቃ ቀብር ላይ እንገናኛለን» ብለው ስልኩን ዘጉት። ስለ መልካም ስሜ ስላሰቡልኝም አመሰግናለሁ።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ጀማነሽ ታሪኳን የጫንኩበትን ፍላሽ ይዘው ወደ ባምቢስ ወረዱ፣ ከዚያም ኦሎምፒያ ድረስ ሄዱ። እሑድ ነው፤ ማተሚያ ቤቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። እኔ ራሴ እንዳልወጣ ሐዘንተኛ ከለቅሶ ቤት አይወጣም ተብሎ ሴቶቹ በሩን ዘግተው ተቀምጠዋል። በእጄ ልገለብጠው ብዕር አነሳሁ። ስድስተኛው መስመር ላይ ስደርስ አንዲት የማላውቃቸው እናት አንገቴን አቅፈው ብዕሩን ከጣቶቼ አወጡት። «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ አስከሬን የሚወስደው መኪና ደርሷል።

ሁለተኛ፣ በቀብሩ ላይ ስላሰሙት ንግግር አመሰግናለሁ። የሚያነቡት እርስዎ ነዎት ስለተባለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ስልኬን ከፍቼ ታሪኳን ሰጠሁዎት። «የሕይወት ታሪክ በስልክ አይነበብም፣ ነውር ነው፤ ቲክቶክ አደረግሽው እንዴ?» አሉኝ። ወረቀት ያጣሁት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ እርስዎ ያውቁ ነበር፣ እኔ አላውቅም ነበር። እንግዲያውስ እኔ ላንብበው ብል «ሐዘንተኛ አያነብም፤ ሴት ልጅ ደግሞ…» ብለው ቀሪውን በእጅዎ ጨረሱት። ከዚያ ጉሮሮዎን ጠርገው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «ወ/ሮ መብርሂት ሰላማዊ ሴት ነበሩ። ደረጃ ላይ ውኃ አፍስሰው አያውቁም። የተወለዱት ወሎ ነው። አንዲት ያላገባች ሴት ልጅ ትተው አልፈዋል።» ቀጥለው ስለ ጣሪያው የውኃ ታንከርና እርስዎ እሱን ለማሰቀል ስለደከሙት ድካም ተናገሩ። ታንከሩ ከእናቴ ይልቅ ረዥም የሕይወት ታሪክ አለው።

እናቴ ወሎን አይታ አታውቅም። የተወለደችው አዲግራት አጠገብ ነው። አዲስ አበባ የመጣችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ቀን ሰው ቤት እየሠራች ማታ ላንቻ ሰፈር ታይፕ መጻፍ ተማረች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የሌሎችን ደብዳቤ ስትጽፍ ኖረች፤ የአለቆቿን ስህተት ሁሉ ድምፅ ሳታሰማ አርማ ታስፈርማቸው ነበር። አባቴ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ትቶን ሲሄድ ለሰው ያለችው «ሥራ ሄዷል» ብቻ ነው፤ እኔን በዚያው ደመወዝ ዩኒቨርሲቲ አስገባችኝ። ጡረታ ከወጣች በኋላም ልማድ ሆኖባት የእኛን ሕንፃ መተዳደሪያ ደንብም በላፕቶፔ የጻፈችው እሷ ናት። «ለአንድ ነፍስ አንድ መሣሪያ» የሚለው አንቀጽ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ «ይቺ ነገር ደስ አትለኝም፤ ሰው እኮ ይሞታል» ብላኝ ነበር። ሆኖም አራት ነጥቡን በቦታው አስቀምጣ አስረከበችዎት፤ እርስዎም «እጅዎ ይባረክ» አሏት።

እርስዎን ሊያርሙ የሚችሉ ሰዎች በአንድ ወቅት ነበሩ። የድሮ ሰፈራችን ሲፈርስ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቶቿ በከተማው ዳር ዳር ተበተኑ፤ እኛ ብቻ በኪራይ እዚሁ ቀረን። በቀብሩ ዕለት ከእነሱ ሦስቱ ሦስት ታክሲ ቀያይረው ሲደርሱ አፈሩ ተመልሶ ነበር። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ወ/ሮ ቡዜ እጄን ይዘው «ታሪኳን ማን አነበበላት?» አሉኝ። ሊቀመንበሩ አልኳቸው። «ያውቃት ነበር?» አሉኝ። ንግግርዎን ከሰማው ሕዝብ ሁሉ መካከል እናቴን የማውቃት እኔ ብቻ እንደሆንኩ የገባኝ ያኔ ነው። የማውቀውም በኪሴ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። በሣልስቱ ማግስት የኮሚቴው ጸሐፊ ሰገን መዝገቡን ይዛ እንድፈርምበት መጣች። ገጹ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጥር 17፣ 3፡20፣ ቤት ቁጥር 14፣ ወ/ሮ መብርሂት፣ በሞት ምክንያት ተነስቷል። ቀሪ ነፍስ 1።» ሰገን ዓይኔን ማየት አልቻለችም። «እጸዬ፣ በናትሽ እኔን አትቀየሚኝ። ጋሽ አሉላ በጠዋት ደውሎ አሁኑኑ አንሺው አለኝ። ቤት ቁጥር ዘጠኞች ለአዲሱ ቴሌቪዥናቸው ቦታ ጠይቀው ነበር፣ ማለቴ፣ ክፍት ቦታ ሲገኝ ቃል ገብቶላቸው…» ዕድሩ ድንኳኑን የተከለው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚህ ከተማ ለአንድ ሰው የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው፣ እናቴን በአሥራ አራት ሰዓት ውስጥ፣ ከድንኳንም ቀድሞ፣ መሞቷን አረጋግጦ ቦታዋን ለቴሌቪዥን የሚሰጥ ኮሚቴ ሊኮራበት የሚገባ ነው።

አራተኛ፣ «ቀሪ ነፍስ 1» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ድረስ አልቆጠርኩም ነበር።

ሰገን መፍትሔም ነግራኛለች። ፕሪንተሩን ማስገባት ከፈለግኩ ላፕቶፔን ማስወጣት እችላለሁ። ማለትም ወይ መጻፍ ወይ ማተም። ይህንን ምርጫ ለሁለት ሳምንት በአክብሮት አሰብኩበት። ሰዉ ለቅሶውን ጨርሶ ወደየቤቱ ሄዷል፤ ፍራሹ ተነስቷል፤ የተከራየነው ብርጭቆ ተመልሷል። ጠዋት ሻይ ሳፈላ እስካሁን ሁለት ሰው የሚጠጣውን ውኃ ነው የምጥደው። ትርፉን ስደፋ ደረጃው ላይ እንዳይፈስ እጠነቀቃለሁ፤ ስሞት ስለ እኔም የሚባል አንድ ነገር እንዲገኝ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እስከ ዛሬ ብዙ ነገር ተቀብዬ ኖሬያለሁ። ስብሰባ ሲጠራ «ከእናንተ ቤት ወንድ ካለ ይምጣ» ሲባል ተቀብያለሁ። ወንድ ስላልነበረ የእኔና የእናቴ ድምፅ ሳይቆጠር ደንብ ሲጸድቅም ተቀብያለሁ፤ ደንቡን የጻፈችው እሷ ሆና። ከዛሬ ጀምሮ ግን በግልጽ ላስታውቅዎት። አንድ ሰው የሚኖርበት ቤት ግማሽ ቤት ነው መባሉን አልቀበልም። የእኔን ሙት የማያውቃት ሰው እንዲናገርላት አልቀበልም። ሐዘንተኛ አያነብም፣ ሴት አታነብም የሚለውንም አልቀበልም። አርባዋ ረቡዕ የካቲት 25 ነው። ከጸሎቱ በኋላ የሕይወት ታሪኳን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማነበው እኔ ነኝ። ወ/ሮ ቡዜና ሁለቱ ጎረቤቶቿ በጠዋት እንዲመጡ መኪና ተዘጋጅቶላቸዋል። ለእርስዎም ከፊት ወንበር ይያዝልዎታል፤ የሚጠበቅብዎ ግን ማዳመጥ ብቻ ነው።

ለስምንት ነፍስ ቤተሰብዎ ስምንት እጥፍ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለማዘን ጊዜ ሳይሰጡኝ እንድቆጣ ስላደረጉኝ ያለብኝን የማያልቅ ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

እጸገነት ዮሃንስ
ቤት ቁጥር 14፣ ነፍስ 1

ግልባጭ፦
ለዕድሩ ጽሕፈት ቤት
ለቤት ቁጥር 9፣ መልካም የቴሌቪዥን ጊዜ ከሚል ምኞት ጋር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ በበሬ ሥር የገባውን ማስታወቂያዎን አገኘሁ። የቤት ቁጥር 14 ነዋሪ አንድ ሰው ስለሆነች በጣሪያው ላይ ካለው የልብስ ማስጫ ገመድ ግማሹ እስከ ዓርብ ድረስ ለሌላ ቤት እንዲለቀቅ ይላል። በዚያ ግማሽ ገመድ ላይ ያለው አንድ ነጠላ ብቻ ነው። እናቴ ባረፈችበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመታመሟ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ራሷ አጥባ ያሰጣችው ነው። ከደረቀ ቆይቷል። እስካሁን ያላወረድኩት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እንጂ ብቻዬን አጥፌው ስለማላውቅ ነው። የማወርደው እኔ በፈለግኩበት ቀን ነው። ከእኔ በስተቀር የማንም እጅ እንዲነካው አልፈቅድም፤ የኮሚቴውም ቢሆን።